የአሮጌ ኮምቢን የጭነት ክፍል ማደራጀት፦ ለጎንደር መንገድና አየር የሚስማማ ዝርዝር መመሪያ

ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠውና በአየር የሚቀዘቅዘው አሮጌው ፎልክስዋገን ኮምቢ በአግባቡ ከተያዘ ዛሬም ከማክሰኝት እህል፣ ከጎርጎራ ዓሣ ጭኖ ጎንደር ሊገባ የሚችል መኪና ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ብዙ ጊዜ ከጭነት ብዛት ይልቅ የሚጎዳው የጭነት ክፍሉን ለማደራጀት ተብሎ የሚሠራ የችኮላ ሥራ ነው፤ ወለሉ ሥሩ ሳይታይ ይበሳል፣ መደርደሪያ ከግድግዳው ላሜራ ጋር ይበየዳል፣ የሞተሩ አየር ማስገቢያ በኮምፐርሳቶ ይሸፈናል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላም ዝገቱ ከውስጥ በልቶ ወደ ውጭ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች የሚገለጸው አሠራር ሁሉ አንድ መሠረት አለው፤ ወደ መኪናው የሚገባ ማንኛውም ነገር በብሎን የሚታሰርና በቁልፍ ተፈትቶ የሚወጣ መሆን አለበት፣ ሁሉም ተፈትቶ ሲወጣም የመኪናው አካል እንደ ጥንቱ መገኘት አለበት።

ማሳሰቢያዎቹ የሚመለከቱት የፊት መስታወቱ አንድ ወጥ የሆነውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1979 በጀርመን የተመረተውን ሁለተኛውን ትውልድ ነው። ብራዚል ውስጥ ምርቱ እስከ 2013 ቀጥሎ የነበረ ቢሆንም፣ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ምርቶች በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ስላላቸው ስለ አየር ማስገቢያ የሚነገረው በእነርሱ ላይ እንዳለ አይሠራም። ከ1950 እስከ 1967 የተመረተው የመጀመሪያው ትውልድ ደግሞ በጎኑ በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት ተጣማጅ በሮች ስላሉት የመደርደሪያው አቀማመጥ ይለወጣል፤ ብዙዎቹም ባለ 6 ቮልት በመሆናቸው መብራቱ ሌላ ስሌት ይፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ክብደቱን ማስላት

የዚህ መኪና የመጫን አቅም ወደ 1 ቶን ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ የሹፌሩና የረዳቱ ክብደት እንዲሁም እርስዎ የሚሠሩት ወለል፣ ግድግዳና መደርደሪያ ሁሉ ይቀነሳል። የጭነት ክፍሉ ስፋት 5 ሜትር ኩብ ያህል መሆኑ ሰውን ያታልላል። ይህ ቦታ እስከ ጣሪያው ጤፍ ቢሞላ ክብደቱ ከ3 ቶን ይበልጣል፣ ማለትም መኪናው ከሚችለው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ኮምቢ ውስጥ የሚጎድለው ቦታ ሳይሆን ክብደት ነው፤ አደረጃጀቱም ይህን ተከትሎ መታቀድ ይኖርበታል።

ለስሌቱ የሚረዱ ጥቂት ቁጥሮች እነሆ። ወርዱ 1.22 ቁመቱ 2.44 ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ኮምፐርሳቶ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 35 ኪሎ ግራም፣ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 23 ኪሎ ግራም፣ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ 12 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 25 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነና የብረቱ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) በሜትር 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አንጥረኛውም አናጢውም እንዲጠነክር በማለት ወፍራሙን ይመርጣሉ፤ ለቤት ዕቃ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን በየቀኑ ያለ ኪራይ የሚጫን ዕቃ ማለት ነው። በእኔ ግምት የጠቅላላው ሥራ ክብደት ከ100 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከአንድ ኩንታል፣ ማለፍ የለበትም።

የከተማዋ አቀማመጥም በስሌቱ ውስጥ ይገባል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ እንዲህ ያለው ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አየሩ ስስ መሆኑ ማቃጠልን ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝንም ያዳክማል፤ ከአዘዞ ወደ መሐል ከተማ በሚወስደው መንገድ ወይም ወደ ደባርቅ በሚያወጣው ዳገት ላይ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ስስ አየር ነው።

ማራገፍ፣ መፈተሽና ዝገትን ማቆም

በመጀመሪያ የኋላ ወንበሮቹን፣ ምንጣፉንና የግድግዳ ልባሱን ያውጡ። የወንበሮቹን ብሎኖች አይጣሉ፤ እያንዳንዱን ከወጣበት ቀዳዳ ስም ጋር በትንሽ ፌስታል ቋጥረው ያስቀምጡ፣ ቀዳዳዎቹ በኋላ ዋና መያዣዎችዎ ይሆናሉና። በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የደኅንነት ቀበቶ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ጥርስ በሚሊ ሜትር የሚለካ ሳይሆን የ7/16 ኢንች ጥርስ ነው፤ መጠኑ የቀረበ የሚመስለውን ባለሚሊ ሜትር ብሎን በጉልበት የሚያስገባ ሰው ሊጠገን የማይመች ጉዳት ያደርሳል።

ባዶው መኪና ከታጠበ በኋላ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በሮቹ ይዘጉና ከውጭ በጎማ ውኃ ይፈስበት። ከውስጥ ያለው ሰው የመስታወት ጎማዎችን፣ የተንሸራታቹን በር የላይኛውን ሐዲድና የኋላውን መዝጊያ ዙሪያ በባትሪ እያየ ውኃ የሚገባበትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። በጎንደር ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ይህን ፈተና ያላለፈ መኪና ውስጥ ከገባ፣ ከኮምፐርሳቶው ሥር ተደብቆ ይቀመጣል።

ዝገቱን የሚፈልጉት በተለይ በጎን ባሉት የሥር ድጋፎች፣ ክሪክ በሚገባባቸው ቦታዎችና በጎማ ጉልላቶቹ ዙሪያ ነው። የሚያሰጋ ቀዳዳ ከተገኘ ባቲላሜራ ባለሙያ ይጠራ፤ ላይ ላዩን ያለ ዝገት ግን በሽቦ ብሩሽ ይነሣና በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ አቧራው ይጠረግ፣ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ ሲደርቅም የዘይት ቀለም ይደረግበት። በየበሩና በየድጋፉ ሥር ያሉት ጥቃቅን የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በቀለም እንዳይደፈኑ በቀጭን ሽቦ ያጽዷቸው። የተቃጠለ ዘይት በወለሉ ላይ የመቀባት ልማድ በየጋራዡ አለ፤ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ዘይቱ የበር ጎማዎችን ያበላሻል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሽታውም እህልና እንጀራ ውስጥ ይገባል።

ብየዳ የግድ ከሆነ አስቀድሞ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ። ባትሪው የሚገኘው በሞተሩ ክፍል ውስጥ በስተቀኝ ነው። የቤንዚን ታንኩ ደግሞ ከሞተሩ ፊት፣ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በላይ፣ ከጭነት ክፍሉ ኋላ ባለው ቋሚ ላሜራ ጀርባ ተቀምጧል። ስለዚህ ታንኩ ወጥቶ ከአካባቢው ሳይርቅ በዚያ ላሜራ ላይም ሆነ አጠገቡ እሳት አይነካም፤ በያጁ ልምድ ያለው መሆኑ ይህን ሕግ አይሽረውም።

ወለሉ

ለወለል 12 ሚሊ ሜትር ኮምፐርሳቶ ይበቃል፣ ምክንያቱም ሥሩ ያለው ላሜራ ወጣ ገባ ተደርጎ የታተመና ራሱን የቻለ ጥንካሬ ያለው ነው። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ፈጽሞ አይምረጡ፤ እርጥበት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ካበጡ በኋላም ብሎን አይዙም።

አንድ ወጥ አድርጎ ከመቁረጥ ይልቅ ወለሉን በሦስት ክፍል መሥራት ይሻላል፤ አንዱ ከጋቢናው ጀርባ፣ ሁለተኛው በተንሸራታቹ በር ፊት፣ ሦስተኛው ወደ ኋላ። በር ፊት ያለው ክፍል ቶሎ የሚያልቀው እርሱ ስለሆነ ለብቻው ይቀየራል፣ ማጽዳትም ሲያስፈልግ አንድ ሰው ብቻውን ያነሣዋል።

ቅርጹን የሚወስዱት በካርቶን ነው፣ የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ማሸጊያ ካርቶን ተስማሚ ነው። ካርቶኑን ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል አርቀው ወለሉ ላይ ያንጥፉና እንዳይንቀሳቀስ ድንጋይ ይጫኑበት። ከዚያም ስፋቷ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ ርዝመቷ ግን ከአንድ መዳፍ የሚበልጥ ትንሽ ጣውላ ይያዙ፤ አንደኛውን ጫፏን ግድግዳው ላይ አስጠግተው በሌላኛው ጫፍ እርሳሱን ካርቶኑ ላይ ያሳርፉ፣ ጣውላዋን ሳያዘሙ ግድግዳውን ተከትለው ይሂዱ። ግድግዳው በገባበት እርሳሱ ይገባል፣ በወጣበት ይወጣል። ጎማው ጉልላት ጋ ሲደርሱ ፍጥነትዎን ቀንሰው በየሁለት ጣት ርቀት አንድ ነጥብ ያሳርፉ። ካርቶኑን ወደ ኮምፐርሳቶው ሲወስዱ በዚያችው ጣውላ መስመሩን ወደ ውጭ ይመልሱታል፤ ሲቆርጡ ግን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስቀሩ። ላሜራ በፀሐይ ይሰፋል፣ እንጨትም በክረምት ያብጣል፤ ጥብቅ ሆኖ የገባ ወለል ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ሲጮህ ይውላል።

የተቆረጠው ጠርዝ፣ የላይኛው ገጽና በተለይም ማንም የማያየው የታችኛው ገጽ በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ። ከሥሩ ስፖንጅ አያንጥፉ፣ ውኃ መጥጦ ይይዛልና፤ በምትኩ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጡ ቀጫጭን የጎማ ቁራጮች በላሜራው ከፍ ባሉት መስመሮች ላይ ይለጠፉ። እንዲህ ሲሆን በእንጨቱና በላሜራው መካከል አየር ያልፋል።

ወለሉን የሚያስሩት ወንበሮቹ በነበሩባቸው ቀዳዳዎች ነው። ተጨማሪ ቀዳዳ የግድ ካስፈለገ ድሪሉን ከማንሣትዎ በፊት ከመኪናው ሥር ገብተው ይመልከቱ። በመሐሉ መስመር ላይ የማርሹ ዘንግ፣ የፍሪሲዮንና የቤንዚን መስጫ ገመዶች፣ ወደ ፊት ሙቀት የሚወስደው ቧንቧና የፍሬን ቧንቧ ያልፋሉ። ፑንታው (የድሪሉ መብሻ ብረት) ላይ የሚፈለገውን ጥልቀት በፕላስተር ጠምጥመው ምልክት ያድርጉ፤ የተበሳው ቦታም ብሎኑ ከመግባቱ በፊት አንቲረስት ይቀባ።

የጋቢናው መለያ

ጭነት ከሹፌሩ ጀርባ ነፃ ሆኖ መቀመጥ የለበትም። የጭነት አያያዝ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መመዘኛ፣ ማሰሪያ ወደ ፊት የዕቃውን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ መቋቋም አለበት ይላል። አንድ ኩንታል ጤፍ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ በ80 ኪሎ ግራም ኃይል ወደ ፊት ይገፋል ማለት ነው፤ አምስት ኩንታል ሲሆን 400 ይደርሳል።

ክፈፉ ከ30 በ30 ቱቦላሬ ከመኪናው ውጭ ተበይዶ፣ በጥልፍልፍ ብረት ተሸፍኖና ቀለም ተቀብቶ ይገባል። ከላይ በቀበቶ መያዣዎቹ (ጥርሱን ያስታውሱ)፣ ከታች ደግሞ በወንበር ቀዳዳዎቹ ይታሰራል። እስከ ወገብ ድረስ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፐርሳቶ ይደረግለት፤ ከዚያ በላይ ያለው ጥልፍልፍ ሆኖ መቅረቱ ሹፌሩ በመሐል መስታወቱ ኋላውን እንዲያይ ያስችለዋል።

ግድግዳና መስኮት

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። 6 ሚሊ ሜትር ኮምፐርሳቶ የድሮው ልባስ ክሊፖች በነበሩባቸው ቀዳዳዎች ይያዛል፤ ራሱን እየበሳ የሚገባ ቪቴ ግን አይጠቀሙ፣ ጫፉ ከውጭው ላሜራ ጋር ሲነካካ ቀለሙን ከውስጥ ያፈነዳዋል። በጎኖቹ ባዶ አካል ውስጥ የጥጥ ወይም የመስታወት ሱፍ አይሙሉ፤ የጎንደር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ላሜራው ላይ የሚቋጠረው ጤዛ ወርዶ መፍሰሻውን ማግኘት አለበት። ለመስታወቶቹ በእያንዳንዱ መስኮት ሁለት አግዳሚ ቀጭን ቱቦላሬ ከውስጥ ይበቃቸዋል።

መደርደሪያና ማሰሪያ

የጭነት ክፍሉን ዕቅድ ከመሳልዎ በፊት በሳምንት ውስጥ የሚጭኑትን ዓይነት በሙሉ ይጻፉ። ቅዳሜ ገበያ ጆንያ የሚያመላልስ ነጋዴ፣ ለስላሳና ቢራ በሳጥን የሚያከፋፍል ሰውና መሣሪያውን ይዞ የሚዞር የቧንቧ ሠራተኛ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት አይደለም። ለመጀመሪያው መደርደሪያ ትርፍ ነው፣ ባዶ ወለልና ጠንካራ ማሰሪያ ይበቃዋል። ለሁለተኛው ወሳኙ ልኬት የሳጥኑ ነው፤ ሳጥኖቹን ይዘው ገብተው፣ በወለሉ ላይ ደርድረውና ተንሸራታቹን በር ከፍተው ዘግተው ይሞክሩ፣ ከዚያ በኋላ ይለኩ። ሦስተኛው ግን እውነተኛ መደርደሪያ ያስፈልገዋል።

መደርደሪያው በሩ በሌለበት ጎን፣ በመካከለኛው ወለል ላይ፣ ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መሐል ይቁም። የሞተሩ ክብደት ቀድሞውኑ ከኋላው ጎማ በስተኋላ ስለሆነ፣ ሌላ ከባድ ነገር ከኋላ ሲጨመርበት የፊቱ ይቀልና መሪው እርጥብ መንገድ ላይ መያዣ ያጣል። ከባድ ዕቃ ከታች፣ ቀላል ከላይ ይሁን፤ የላይኛው መደርደሪያ ከመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ባያልፍ እመርጣለሁ። ከፍ ያለ ጭነት የያዘ ኮምቢ ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ሲወርድ በእያንዳንዱ ኩርባ ይዘማል፣ ይህን ደግሞ ሹፌሩ የሚያውቀው ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ለእግሮቹ 25 በ25 ቱቦላሬ፣ ለመደርደሪያው 12 ሚሊ ሜትር ኮምፐርሳቶ፣ ዕቃ እንዳይንሸራተት ከፊት ለፊቱ ደግሞ ሦስት ጣት የሚሆን የእንጨት ከንፈር ይደረግ። ለከንፈሩ ከእንጨት ቤት የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ከተገኘ እርሱን የሚያህል የለም፤ ቀላል ነው፣ ደርቆ ከተሠራ አይጣመምም፣ እጅም አይወጋም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን በአንድ በጋ ይጠመዘዝና ቪቴውን ይነቅላል። ሁሉም መገጣጠሚያ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ቢሆን አንድ ባለ 13 ቁልፍ ለሥራው በሙሉ ይበቃል፣ መንገድ ላይ ለሚፈታ ሰውም ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለማሰሪያ ቢያንስ ስድስት የብረት ቀለበቶች ይኑሩ፤ ሦስት በአንድ ጎን፣ ሦስት በሌላው። በወንበር ቀዳዳዎቹ ላይ የማይደርሱት ከወለሉ ሥር 8 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ሳህን ይደረግላቸው፤ ተራ ሮንዴላ ብቻ ከሆነ በኃይል ሲጎተት ስሱን ላሜራ ቀዶ ይወጣል። ቀለበት በኮምፐርሳቶው ላይ ብቻ በቪቴ መያዝ እንደሌለበት ሳይናገሩት ሊታወቅ የሚገባ ቢሆንም፣ በየመኪናው የሚታየው ይኸው ነው።

ከሞተሩ በላይ ያለው ከፍታ

የኋላው መዝጊያ ሲከፈት የሚታየው ከፍ ያለ ወለል የሞተሩ ጣሪያ ነው፤ ይሞቃል። ቅቤ፣ አትክልትና ዓሣ አይቀመጥበትም፣ በቤንዚን የተሞላ ጀሪካን ደግሞ ከናካቴው ወደ መኪናው ውስጥ አይገባም። ቀላልና ሙቀት የማይጎዳው ዕቃ፣ ለምሳሌ ባዶ ጆንያ፣ ገመድና ሸራ፣ ለዚህ ቦታ ተስማሚ ነው። 1700 እና ከዚያ በላይ ሲሲ ሞተር ባላቸው መኪኖች በዚህ ወለል ላይ መካኒኩ የሚጠቀምበት ክዳን ስላለ፣ የሚነጠፈው ኮምፐርሳቶ በክዳኑ ልክ ተቆርጦ ለብቻው የሚነሣ መሆን አለበት።

ከመጨረሻዎቹ የጎን መስታወቶች ኋላ፣ በመኪናው ማዕዘን ላይ በግራና በቀኝ የሚታዩት ክፍተቶች ሞተሩ የሚተነፍስባቸው ናቸው። አየሩ በማዕዘኑ ባዶ አካል ውስጥ ወርዶ ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባል። ይህን አካል ከውስጥ መብሳት፣ መደርደሪያ ማሰር ወይም አቧራ ይገባል በሚል ክፍተቱን በሸራ መድፈን ሞተሩን ያቃጥላል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያም ሙሉ መሆኑ ይታይ፤ የተቀደደ ከሆነ ከሥር ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ ይሳባል። ከሞተሩ ክፍል ወደ ጭነት ክፍሉ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሁሉ ይዘጋ፣ የጭስ ጋዝ ሽታ ሳይኖረውም ሰው ሊገድል ይችላልና።

መብራት

ሁለት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ መብራቶች ለሙሉው ክፍል ይበቃሉ፤ በ12 ቮልት ሁለቱም አንድ ላይ ከ1 አምፒር በታች ስለሚወስዱ የባለ 5 አምፒር ፊውዝ ተገቢ ነው። ፊውዙ መብራቱ ጋ ሳይሆን መስመሩ ከሚነሣበት አጠገብ ይቀመጥ። ሽቦው በላሜራ ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይደረግለት፤ ማብሪያውም ተንሸራታቹን በር ከፍቶ የሚገባ ሰው ሳይዳብስ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ሊብሬውና የመጀመሪያው ጉዞ

ሊብሬው ላይ መኪናው ለሰው ማመላለሻ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ወንበሮቹን አውጥቶ ለጭነት ማዋል የአገልግሎት ለውጥ ስለሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማስፈቀድ ይገባል። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡም ሁሉም ነገር በብሎን የታሰረ መሆኑ ሥራዎን ያቀልልዎታል፤ መርማሪው የወለሉን ላሜራ ማየት ከፈለገ አንዱን ክፍል አንሥተው ያሳዩታል።

የመጀመሪያውን ጉዞ በግማሽ ጭነት ያድርጉ፤ እስከ ማክሰኝት ደርሶ መመለስ በቂ ነው። ከመነሣትዎ በፊት እያንዳንዱ ብሎን ከተጠበቀ በኋላ ከዳዶው አንሥቶ እስከ ሮንዴላው የሚዘልቅ ቀጭን ነጭ የቀለም መስመር ያስምሩበት። ሲመለሱ ሁሉንም በዓይን ይመልከቱ፤ መስመሩ የተቆረጠበት ዳዶ ዞሯል ማለት ነው፣ እርሱ ተፈትቶ የማይላላ ባለፕላስቲክ ዳዶ ይቀየርለት። ሌሎቹ ሙሉ ጭነት ከተጫነ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ዘይት በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ ይታያሉ።